ሁለተኛው ቦኖ

የጡረታ መሸኛዬ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፣ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከእኔ ብዙ ዘግይቶ የተቀጠረ ትሑት ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። የሥራ ዘመኔን ሲያወሳ ግን ከሁሉ አስበልጦ ያነሳው አንድ ቀበሌ ነበር። «እትዬ ዘሀራ በሁለት መንደሮች መካከል የተነሳውን የውሃ ግጭት በሰላም እንዲፈታ ያደረጉ ባለሙያ ናቸው» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ።

ያ ግጭት አልተፈታም። በሰላም ያለቀው አንደኛው ወገን አገር ለቅቆ ስለሄደ ነው። ይህን ተነስቼ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልጁ ግን ፊቱ በርቶ፣ ያከበረኝ መስሎት ቆሞ ሲያየኝ አላስቻለኝም። ጋቢውን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በቃሌ ያልተናገርሁትን በጽሑፍ ልናገረው ነው። ወረዳውንም ቀበሌውንም በስማቸው አልጠራም፤ የነገሩ ባለቤቶች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

የተወለድሁት ደሴ ነው። ጎጃም የመጣሁት በሥራ ድልድል ሲሆን፣ ዕጣ ወጥቶ ዲማ አካባቢ ሲደርሰኝ አባይን ተሻግሬ አላውቅም ነበር። የሥራዬ ስም ረጅም ነው፤ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ ይባላል። ባጭሩ ስናገረው፣ ቴክኒሻኑ ቧንቧ ሲቀጥል እኔ ሰዉን እቀጥላለሁ። ምንጩ የማን እንደሚሆን፣ ድንጋይ ማን እንደሚሸከም፣ ኮሚቴው ውስጥ ማን እንደሚገባ አስማማለሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ጫማውም በዚያ ዳገት ቶሎ ያልቃል።

እናቴ ሻሽ የጠመጠመች የሙስሊም ልጅ በቅኔ ተማሪ አገር እንዴት ትኖራለች ብላ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። የፈራችው አልደረሰም። ድግስ ቤት ስጠራ «ሥጋችንን እንደማትነኪ እናውቃለን፤ ያንችን ለብቻ አሰናድተናል» ብለው ሽሮና ማር ያቀርቡልኝ ነበር። አከራዬ በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ አጥሚት ይዘው በሬን ያንኳኩ ነበር። መለየት ክብርም ሊሆን እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው። ይህ አገር ለሁሉም ሰው ቦታ ያለው መሰለኝ። እንግዳ ስለነበርሁ የተከፈተልኝን በር አይቼ፣ ለራሳቸው ወንድሞች የተዘጋውን ሳላይ ዓመታት አለፉ።

ዓይኔን የከፈቱልኝ ጋሽ አየነው ናቸው። ያገኘኋቸው መርጡለ ማርያም ስዛወር ነው፤ የውሃ ቴክኒሻን ነበሩ። የካኪ ሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከትተው የሚሄዱ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው። የደብረ ማርቆስ ተወላጅ ናቸው። ስብሰባ አይወዱም። አዲስ መንደር ስንደርስ እኔ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ልሄድ ስል እርሳቸው በማለዳ ወደ ምንጩ ይወርዱና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ እይ» ይሉኛል። «ማን ዞር ብሎ እንደሚጠብቅ፣ ማን ከታች እንደሚቀዳ እይ። ስብሰባ ላይ ይህን የሚነግርሽ የለም።» ከዚያ ይነሱና ከመንደሩ የመጨረሻው ቤት ሄደው የሚጠጣ ውሃ ይለምናሉ። ሌላ ቤት ሳይገቡ መጀመሪያ እዚያ ይጠጣሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ይጠማኛላ» ነበር መልሳቸው።

ምንጭ ማጎልበት ከውጭ ሲታይ ግንብ መገንባት ይመስላል። ዋናው ሥራ ያለው ከግንቡ ጀርባ ነው። ውሃው የሚፈልቅበት ዓይን እስኪገኝ ድረስ ጭቃው እየተጠረገ ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ከተገኘ በኋላ ውሃውን ከነበረበት ከፍታ በላይ እንዲወጣ ማስገደድ አይቻልም፤ ከተገደደ ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ይጠፋል። ፊቱ ላይ ድንጋይና የታጠበ ጠጠር ይደረደራል፤ ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። ከሁሉም በላይ፣ በዳገቱ በኩል ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል። ያ ቦይ ከሌለ የክረምት ጎርፍ እበቱን ሁሉ ይዞ ወደሚጠጣው ውሃ ይገባል። ጋሽ አየነው በዚያ ቦይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ሠራተኛው ደክሞት ሊበተን ሲል ራሳቸው ዶማ አንስተው ይጨርሱታል።

ሁለታችንም ወደ ሦስተኛው ወረዳ አንድ ላይ ተዛወርን። ነገሩ የሆነው እዚያ ነው።

ምንጩ ያለው በሁለት መንደሮች መካከል ነበር። ላይኛው መንደር የገበሬዎች ነው። ታችኛው መንደር የሸክላ ሠሪዎች ሲሆን፣ ላይኞቹ ቡዳ ይሏቸዋል። አብረው አይበሉም፤ አይጋቡም፤ ገበያ ላይ ምጣዱንና እንስራውን ግን ከእነሱ ይገዛሉ። እንደ ልማዳችን በማለዳ ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የላይኛው መንደር ሴቶች ከዓይኑ ቀዱ። ከዚያ ከብቱ ወረደና ጠጣ፣ ረገጠውም። ከብቱ ሲሄድ፣ እስከዚያ ድረስ እሾህ ሥር ቆማ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ መጣች። ዓይኑ ባዶውን ቆሟል፤ የሚከለክላት ሰው አጠገቡ የለም። አልፋው ሄደችና ከብቱ ከጠጣበት በታች ጎንበስ ብላ የደፈረሰውን በቅል ቀዳች።

እማዋይሽን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ጋሽ አየነው ተከትለዋት ቤቷ ደረሱና ውሃ ለመኑ።

«ከኔ ቤት ይጠጣሉ?» አለቻቸው።

«ጠማኝ እኮ ነው የምልሽ።»

ቅሉን ሰጠቻቸው፤ ጠጡና ለእኔ አቀበሉኝ። የጭቃ ጣዕም ነበረው። እማዋይሽ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ከዚያ «እታለም፣ አንች የዚህ አገር ሰው አይደለሽም መሰል» አለችኝና ሳቀች።

ስብሰባው ላይ የላይኛውን መንደር ወክሎ የተናገረው አያ በላይ የሚባል ገበሬ ነው። ጨዋ ሰው ነበር፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆናል። «ምንጩን ሥሩልን፤ የነሱን ነገር ለኛ ተውልን» አለ። ጋሽ አየነው «የታችኛው ሰው ካልተሸከመ እኔ አልገነባም። የሚቀዳውም ሁሉም በአንድ ቦኖ ነው» አሉ። ቦኖ የምንለው ሰው ተሰልፎ የሚቀዳበትን ባለ ብዙ ቧንቧ ግንብ ነው። ክርክሩ ለሳምንታት ዘለቀ። እኔ ከቤት ቤት ዞርሁ፣ ሴቶቹን ለብቻ ሰበሰብሁ፣ የደብሩን ቄስ አነጋገርሁ። በመጨረሻ ያስማማቸው የእኔ ቃል አልነበረም። ያለፈው በጋ ከብታቸውን ጎድቶባቸው ነበርና ሌላ በጋ ፈሩ።

ሥራው ሲጀመር ጋሽ አየነው ድንጋዩን ሁሉ በባሬላ እንዲያመላልሱ አዘዙ። ባሬላ ያለ ሁለት ሰው አይነሳም፤ እርሳቸውም አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያደረጉ አጣመሩ። አያ በላይ ከእማዋይሽ ባል ከደጉ ጋር ተጣመረ። መጀመሪያ ፊትና ኋላ ሆነው ቃል ሳይለዋወጡ ነበር የሚሸከሙት። ሲሰነብቱ «ዝቅ አድርገው እንጅ!» «አንተ ነህ የምትቸኩለው!» መባባል መጣ። ጋሽ አየነው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ሰማሽ? መከራከር ጀመሩ። ሥራው ተሳክቷል» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። የሸክላውን አፈር የታችኛው መንደር ሴቶች አቡክተው ከዓይኑ በላይ ጠቀጠቁት። እማዋይሽ በባዶ እግሯ እየረገጠችው ትዘፍን ነበር።

ቦኖው ሁለት ክረምት ሠራ። ሁለቱም መንደር በአንድ ቦኖ ተሰልፎ ቀዳ። እማዋይሽ የውሃ ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች፤ የቦኖው ቁልፍና ጽዳት በእሷ እጅ ነበር። መጀመሪያ ሰልፉ ላይ በእሷና በሌሎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት እያደር ጠበበ። አንድ ቀን የአያ በላይ ሚስት ጀሪካኗን እማዋይሽ እንድታሸክማት ጀርባዋን ስትሰጣት አየሁና፣ ማንም እንዳያየኝ ወደ ዳገቱ ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ እንግዶች መጥተው ጎበኙት። ለዚያች አንዲት ሰልፍ ስል ደሴ ልዛወር ያስገባሁትን ማመልከቻ ትቼዋለሁ።

በሦስተኛው ክረምት የላይኛው መንደር ልጆች ሆዳቸውን ታመሙ። ከሁሉ የጠናባት የአያ በላይ ትንሿ ልጅ ናት። ወደ ጤና ጣቢያ ከመወሰዷ በፊት አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ተጠርቶ በጭስ አፈኗት፤ «ማን በላሽ? ተናገሪ!» እያሉ አስጨነቋት። ልጅቱ የእማዋይሽን ስም ጠራች። በትኩሳት የነደደች ልጅ በየቀኑ ቦኖው ላይ ከምታየው ሰው ስም ሌላ ማንን ትጥራ?

እኛ ስንደርስ ልጅቱ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። ቦኖው ላይ እማዋይሽ ቀድታ ዞር ስትል አንዲት ወጣት ቧንቧውን በአመድ ስትፈትገው አየሁ። እማዋይሽም አይታለች። እንስራዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ሳትሰብር መንገዷን ቀጠለች። ከሳምንት በፊት አብረዋት ይስቁ የነበሩት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጋሽ አየነው የምንጩን ግንብ መክደኛ አስነስተው ወደ ውስጥ አዩ፤ ውሃው ጠቁሯል። ከዚያ ወደ ዳገቱ ወጡ። የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ የለም። ያለበት ቦታ ታርሶ ገብስ በቅሎበታል፤ ከማሳው በላይ ከብት የሚታጎርበት በረት አለ። ጎርፉ እበቱን ጠርጎ በማሳው ትልም በኩል ቀጥታ ወደ ምንጩ ወርዷል። ማሳው የአያ በላይ ነበር። መሬት ጠቦት፣ ለልጆቹ አንድ ትልም ልጨምር ብሎ ነው ያረሰው።

ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና ሁሉም አየ። ጋሽ አየነው በዶማቸው ጎርፉ የወረደበትን ተከትለው፣ እበት ያዘለውን ጭቃ እያነሱ እስከ ምንጩ ድረስ አሳዩ። ማንንም አልወቀሱም። «በሽታው የመጣው በዚህ ነው» ብቻ አሉ። አያ በላይ ፊቱ አመድ መስሎ ተናገረ።

«ቦዩን አርሻለሁ። አልክድም። ቦይ ግን ልጅ አያስለፈልፍም።»

ከሕዝቡ መካከል «እውነት ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

ይህ ሰው ሞኝ አልነበረም። ያየውን አይቷል። ቦዩን አምኖ ቢቀበል ግን ልጁን ሞት አፋፍ ያደረሳት የራሱ ሞፈር ነው። ለአባት ከዚህ ይልቅ ጎረቤትን መወንጀል ይቀለው ኖሯል። እኔ ሰዉ ማስረጃ ስለሌለው ነው የሚሳሳተው እያልሁ ነበር የኖርሁት። ያን ዕለት ማስረጃው ጭቃ ሆኖ በእጃቸው ተነካ፤ ተነክቶም ተጣለ።

ልጅቱ በሐኪም ዳነች። በመንደሩ የተወራው ግን ቡዳዋ ስለታወቀች ለቀቀቻት የሚል ነው። በዚያው ሰሞን በእነ እማዋይሽ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወረደ። ቁልፉን ከእጇ ነጠቋት።

ወረዳው ስብሰባ ጠራ። ቄሱ ሁላችንም የአንድ ፈጣሪ ልጆች ነን አሉ፤ ሰዉም አሜን አለ። ከአሜኑ በኋላ የተቀመጡበት ቦታ እንኳ አልተለወጠም፤ ላይኞቹ ከጥላው፣ ታችኞቹ ከፀሐዩ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን መፍትሔ ይዞ መጥቶ ነበር። ለታችኛው መንደር ለብቻው ሁለተኛ ቦኖ እንሥራለት አለ፤ ውሃውም ከመጀመሪያው ቦኖ ከሚተርፈው ይሳባል።

እማዋይሽ ከፀሐዩ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ድሮም ከከብቱ በታች ነበርን። አሁን በሲሚንቶ ልታጸኑት ነው?»

«እህቴ፣ ለናንተው ሰላም ብለን ነው።»

«እኔ ሰላም የነሳሁት ሰው ካለ ይነሳና ይንገረኝ።»

ማንም አልተነሳም። አያ በላይ ዱላውን ያሻሽ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሁሉም ወገን እንደተስማማ ተጻፈ።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊውን ተከራከርሁት። «ይህ እኮ መገንባት አይደለም፤ የሠራነውን ማፍረስ ነው» አልሁት። «ዘሀራ፣ አንቺ የዚህን አገር ነገር አታውቂውም» አለኝ። ከዲማ ጀምሮ ያን ሁሉ ዳገት በእግሬ ስወጣ አንድም ገበሬ ያላለኝን ቃል፣ በወንበር ላይ የተቀመጠ የተማረ ሰው አለኝ። ጋሽ አየነው ሁለተኛውን መስመር እንዲዘረጉ ሲታዘዙ መፍቻቸውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ይህን ቧንቧ እኔ አልቀጥልም» አሉ። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበርና ዕረፍት ውጡ ተባሉ። በዚያው አልተመለሱም። እኔን ወደ ቢሮ ሥራ አዛወሩኝ። ሁለተኛውን ቦኖ ሌላ ቴክኒሻን መጥቶ ሠራው፤ ሪባን ተቆርጦ ተመረቀ።

ጋሽ አየነውን ደብረ ማርቆስ ቤታቸው እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ስለዚያ ምንጭ አያነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታመው አልጋ ከያዙ በኋላ፣ «ዘሀራ፣ ውሃው እንዴት ነው?» አሉኝ። የማን ውሃ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በታችኛው ቦኖ ከየካቲት ወዲህ ጠብታ እንደሌለ አውቃለሁ። ላይኞቹ ገንዳቸውን አስፍተው ከብት ስለሚያጠጡበት የሚተርፍ ነገር የለም። «ደህና ነው» አልኋቸው። ፊቴን አይተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዚያው ክረምት ዐረፉ።

የታችኛው መንደር ሰዎች አንድ በአንድ ለቀቁ። አንዳንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዱ የማይታወቅበት ከተማ ፈልጎ ሄደ። የእማዋይሽ ባል ደጉ በቀን ሥራ ላይ ሳለ ታሞ ሞተ ሲባል ሰማሁ። የወረዳው ሪፖርት ላይ ግን ያ ቀበሌ ከግጭት ነፃ የሆነ ሞዴል ተብሎ ሰፈረ። የሚጣላ ሰው ከየት ይምጣ?

ያለፉት ዓመታት ደግሞ የባሰ ነገር አሳዩን። አገር ሲታመስ ጦሱ ቢሯችንም ገባ። ለሃያ ዓመታት ሽሮ አብሬው የበላሁ ባልደረባዬ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ እትዬ ዘሀራ፣ በዘርሽ ምንድን ነሽ?» አለኝ። ደሴ መወለዴን ያውቃል፤ የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው። በሳምንቱ ስለ አብሮነት እሴት ሥልጠና ተሰጠን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተያያዙ እጆች ተሥለዋል፤ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታደለን። አሠልጣኙ በቡድን ተከፋፈሉ ሲለን ሰዉ ወዲያው የሚተማመነውን ሰው እየፈለገ ተቧደነ። እኔ የቡድኔን ሐሳብ ባቅርብ ተባልሁ፤ ስለ ባሬላ ተናገርሁ። «በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈውና ወደ ሻይ ዕረፍት ወጣን።

ከጡረታ በኋላ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በቅርቡ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ከሻጮቹ አንዷ እማዋይሽ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ግን ያው ነው፤ ጭቃ ሲያቦካ የኖረ፣ ሰፊ እጅ። ሽንኩርት ነው የምትሸጠው፤ አጠገቧ አንድም የሸክላ ዕቃ የለም። ደስታው አስፈነደቀኝ።

«እማዋይሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ያወቀችኝ ወዲያውኑ ነው፤ ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ግን ፊቷ እንደ በር ተዘጋ።

«ተሳስተሻል መሰል እታለም። ስሜ ጥሩዬ ነው።»

አጠገቧ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ድንች የሚሸጡ ሌላ ሴትዮ ነበሩ። ጨዋታ ወዳድ ናቸው። «የኔ ምራት እናት ናት» አሉኝ በኩራት። «ልጇን ለልጄ ድሬ ይኸው ዘመድ ሆነን አብረን እንሸጣለን። የልጅ ልጅም ደረሰልን። አገሯ ወዲያ ባሕር ዳር አካባቢ ነው፤ የጨዋ ዘር ናት።»

እማዋይሽ ሽንኩርቱን ትመርጥልኝ ነበር። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ የልጇ ትዳር፣ የልጅ ልጇ፣ ይህ የተቀመጠችበት መደብ ሁሉ እንደሚፈርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ሙሉ የሥራ ዘመኔን ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ለዚህች ሴት ላደርግላት የምችለው ደግ ነገር ከዚህ በፊት እንዳልተገናኘን መምሰል ብቻ ሆነ።

«ይቅርታ ጥሩዬ፣ ተሳስቼ ነው» አልኋት።

ሽንኩርቱን ፌስታል ውስጥ ጨመረችልኝ፤ ስታቀብለኝ እጄን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ለቀቀች። ፊቴን አዙሬ ጥቂት እንደተራመድሁ ሴትዮዋ ሲጠይቋት ሰማሁ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ኧረ አንተዋወቅም» አለች እማዋይሽ። «ሰው መስዬያት ነው።»